የአያት ምንሽር ስንት ያወጣል?

ከደብረ ማርቆስ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል። የጠያቂያችን አባት ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ አራቱ ልጆች ንብረት ሊካፈሉ ተቀመጡ። ቤቱም መሬቱም ያለ ጠብ ተከፋፈለ፤ ያስቸገረው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የኖረው አሮጌ ጠመንጃ ነው። ታላቅ ወንድማቸው «ቅድመ አያታችን ዓድዋ ላይ የማረከው ነው፤ አንድ ደላላ ሚሊዮን ብር ያወጣል ብሎኛል» ይላሉ። እኅታቸው «ፈቃዱ በአባታችን ስም ነበር፤ አባታችን የሉም፤ ለመንግሥት አስረክበን እንገላገል» ይላሉ። ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድም ደግሞ «ይህንኑ የመሰለ እዚህ ሱቅ ውስጥ በ300 ዶላር ሲሸጥ አይቻለሁ» ብሎ ፎቶ ልኳል። ሦስተኛው ልጅ የሆኑት ጠያቂያችን «ከሦስቱ ማን ነው ልክ?» ብለው ጽፈውልናል። ለኛም የጠመንጃውን ፎቶ አያይዘዋል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በጎጃምም በጎንደርም፣ በወሎም በሸዋም አሮጌ ጠመንጃ ያልወረሰ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ አንዳንዱ እንደ ፍልጥ ጓዳ ጥሎት ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ መዳቡን ወርቅ ነው ብሎ ለደላላ ያሳያል። ሁለቱንም የሚያስታርቃቸው ብረቱን ማንበብ ነው። የጦር ሠራዊት ጠመንጃ የተሠራበትን ቦታ፣ የተሠራበትን ዓመትና የራሱን ቁጥር ገላው ላይ ተሸክሞ የሚዞር ዕቃ ነው። ማንበቡን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ታሪክ ከዚያው ያገኛል። ቀሪውን ግማሽ የሚያውቁት ደግሞ ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ጎርሷል ብላችሁ ቁጠሩት

አሮጌ ጠመንጃ ለሃምሳ ዓመት ተሰቅሎ ስለኖረ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የመጨረሻው ባለቤት ለጅብ ወይም ለሌባ ብሎ አጉርሶት ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። ማቀባበያውን ወደ ላይ አንስታችሁ ወደ ኋላ ሳቡና ጥይት የሚገባበትን ጎሬ በዓይንም በጣትም ፈትሹ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሌበል የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይቱን የሚያስቀምጠው በበርሜሉ ሥር፣ እንጨቱ ውስጥ በተሸሸገ ረጅም ቱቦ ነው። ጎሬው ባዶ መስሎ ስምንት ጥይት ቱቦው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማቀባበያው በዝገት ከተያዘ በመዶሻ አትምቱት፤ በጋዝም አታሙቁት። ካልሆነላችሁ ተዉትና መሣሪያ የሚያውቅ የፖሊስ አባል ባለበት ይከፈት።

«ይሠራ እንደሆነ አንዴ እንሞክረው» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ጨርሳችሁ እርሱት። በነዚህ ጠመንጃዎች ዕድሜ ውስጥ ማቀባበያው ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ የተገጠመበት፣ ጥይቱ በእጅ ተሞልቶ በግምት የተኮሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ብረቱ ካልቻለው ወደ ኋላ የሚመጣው በተኳሹ ፊት ላይ ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል

ከኛ አገር የጠመንጃ ስሞች አብዛኞቹ ባዕድ ስሞች ናቸው፤ በገበሬና በወታደር አንደበት ተሞርደው አማርኛ ሆነዋል። «ውጅግራ» የተባለው «ፊዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ይህን ጠመንጃ ያወጣው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። «በልጅግ» ከቤልጅየም የመጣው ነው። «ሽናድር» እንግሊዞች መቅደላ ላይ ይዘውት የመጡት ስናይደር ነው። «ምንሽር» ደግሞ ማንሊኸር ከሚለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ሠሪ ስም ጋር ይያያዛል።

ነገር ግን ስሙን ብቻ አትመኑ። ሽናድር በየተኩሱ በማቀባበያ የሚሳብ ጠመንጃ አይደለም፤ ጎሬው እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ጎን የሚከፈት ነው። ከግብጾች ጋር በጉንደትና በጉራ በተደረገው ጦርነት የተማረከው ረሚንግተንም እንዲሁ የተለየ አሠራር አለው። ምንሽር የሚለው ስም ደግሞ እየሰፋ ሄዶ ብዙ ቦታ በእጅ ለሚቀባበል አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የጣሊያኑ ካርካኖ ጥይቱን የሚጎርሰው በማንሊኸር ዘዴ ስለሆነ በውጭ አገርም ሁለቱ ስሞች ተጣምረው ማንሊኸር ካርካኖ ይባላል። ስለዚህ «የአያቴ ምንሽር» ያላችሁት ብዙ ጊዜ ካርካኖ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ጠመንጃ ለምን ወደኛ መጣ? መልሱ አውሮፓ ውስጥ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበልን ስታወጣ፣ ጭሳሙ ግራ በአንድ ጀምበር አሮጌ ሆነ። ሌሎቹም መንግሥታት ተከትለው ጠመንጃቸውን ቀየሩ። ከየሠራዊቱ የተሻረው መሣሪያ በርካሽ እየተጫነ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወረደ። በዚህ ንግድ ዕድሉን ከሞከሩት አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ ሸዋ ቢደርስም፣ ምኒልክ ካሰበው በታች ከፍለው አሰናበቱት። የተሻረ ጠመንጃ ዋጋ መገመት ለኛ አገር አዲስ ሙያ አይደለም ማለት ነው።

ስንት ይጎርሳል?

ጠመንጃውን ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቀው አባቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ስንት ጎራሽ ነው?

አንድ ብቻ የሚጎርስ፣ ከምላጩ ፊት ምንም ሣጥን የሌለው፣ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝምና ትንሽ ጣት የምታስገባ ሰፊ አፈሙዝ ያለው ከሆነ ውጅግራ ሊሆን ይችላል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። በብረቱ ግራ ጎን 1874 የሚል ቁጥር ይገኛል። ሳንጃው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የእጀታው ጫፍ ናስ ሲሆን፣ በምላጩ ጀርባ ላይ የተሠራበት ፋብሪካ፣ ወርና ዓመት በእጅ ጽሕፈት መልክ ተቀርጾበታል።

አራት የሚጎርስ፣ ከምላጩ ፊት ወደ ታች የወጣ ሣጥን ያለውና እንደ ውጅግራ ረጅም የሆነው የጣሊያን ቬተርሊ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲወጣ አንድ ጎራሽ ነበር፤ ሣጥኑ በ1887 ተጨመረለት። አፈሙዙ 10 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ከነዚህ ብዙዎቹን ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠበብ አድርገዋቸዋል።

ስድስት ጎራሽ የሆነው ካርካኖ ነው። አፈሙዙ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ እርሳስ እንኳ በግድ የሚያስገባ ጠባብ ነው። በሣጥኑ ግርጌ ቀዳዳ አለው፤ ስድስቱን ጥይት አቅፎ የሚገባው ብረት ባዶ ሲሆን በዚያ በኩል ይወድቃል። ረጅምም አጭርም ዓይነት አለው። ከአጭሮቹ አንዳንዶቹ ሳንጃቸው ከአፈሙዙ ሥር ታጥፎ የሚቀመጥ ነው።

አምስት ጎራሽ ሆኖ ሣጥኑ ከእንጨቱ የማይወጣ፣ ሆዱ ለጥ ያለው ማውዘር ነው። በልጅግ የምንለውም ይኸው ማውዘር ሲሆን፣ ቤልጅየም ውስጥ ኤርስታል በተባለች ከተማ የተሠራ ነው። የከተማይቱና የአገሪቱ ስም በብረቱ ጎን በፈረንሳይኛ በግልጽ ተጽፎበታል።

አሥር ጎራሽ ሆኖ ትልቅ ሣጥን ያለውና እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ድረስ የሚሸፍነው የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ነው። ማቀባበያው ሲታጠፍ ከሚያርፍበት በታች፣ በቀኝ በኩል፣ የዘውድ ምስል፣ የንጉሡን ስም የሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ የፋብሪካው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተደርድረው ይነበባሉ።

ማኅተሙን ማንበብ

ዓይነቱን ካወቃችሁ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ በትንሽ የመሣሪያ ዘይት አርሳችሁ የብረቱን አቧራ ቀስ ብላችሁ አንሱ። የአሸዋ ወረቀት፣ የሽቦ ቡርሽ፣ የሎሚ ጭማቂና አሲድ አያስፈልግም። በቀን ብርሃን መብራት ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከፊት ለፊት ያልታየው ጽሑፍ በጥላው ይወጣል።

በጣሊያን ጠመንጃ ላይ የምትፈልጉት የፋብሪካ ስም ነው፤ ተርኒ፣ ብሬሻ፣ ቶሬ አኑንዚያታ ወይም ጋርዶኔ ከሚሉት አንዱን ታገኛላችሁ። ከሱ አጠገብ ዓመተ ምሕረት አለ። በፋሺስት ዘመን የተሠራ ከሆነ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ሌላ ትንሽ ቁጥር ሊጨመርበት ይችላል። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋሺስቶች ዘመናቸውን እንደገና ከአንድ ብለው ቆጥረው ነበርና። ያንን ቁጥር ወደኛ አቆጣጠር ለመመለስ ቀላል ዘዴ አለ። 1914 ደምሩበት። አሥራ አራት የሚል ቢሆን 1928 ዓ.ም. ይሆናል፤ የጥቂት ሳምንታት ልዩነት ብቻ ነው ያለው። ያ ዓመት ምን እንደነበር ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ቁጥሩን ፈልጉ። በበርሜሉ፣ በማቀባበያው፣ አንዳንድ ጊዜም በሰደፉ እንጨት ላይ ቁጥር ተመትቷል። ቁጥር በየቦታው በሚመታባቸው እንደ ማውዘር ባሉ ጠመንጃዎች ላይ ሁሉም አንድ ከሆነ፣ ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረ ነው ማለት ነው። ከተለያየ በመንገዱ ላይ አካል ተቀይሮለታል።

በመጨረሻም የኛን ማኅተም ፈልጉ። ለኢትዮጵያ መንግሥት ተገዝተው ከመጡት ማውዘሮች መካከል የይሁዳ አንበሳ ወይም የዘውድ ምልክት የተመታባቸው አሉ። በሰደፍ ላይ በግዕዝ ፊደል የተመታ ወይም በቢላዋ የተቀረጸ ጽሑፍም ይገኛል። ይህ እንደ ጭረት ታይቶ የሚፋቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ጽሑፍ የበለጠ የሚፈለገው እሱ ነው።

የጠያቂያችን ጠመንጃ

ጠያቂያችን ከላኩልን ፎቶዎች በአንዱ ላይ ስድስት ጎራሽ አጭር ጠመንጃ ይታያል። በበርሜሉ ላይ ተርኒ የሚለው ስም ይነበባል፤ አጠገቡ 1936 እና የሮማውያን አሥራ አራት አሉ። እንግዲህ ካርካኖ ነው፤ የተሠራውም በ1928 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ስለዚህ የዓድዋ ምርኮ ሊሆን አይችልም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ጠመንጃ የተሠራው አርባ ዓመት ዘግይቶ ነው። ሌላም ነገር አለ። የጣሊያን ወታደሮች ዓድዋ ላይ በአብዛኛው የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ ካርካኖ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ቬተርሊ ቢሆንም እንኳ በዓመቱ ብቻ የዓድዋ ምርኮ ነው ማለት አይቻልም። ከጦርነቱ በፊት ጣሊያን ራሷ ለምኒልክ መሣሪያ ስታቀርብ ነበርና፣ አንዳንዱ ጠመንጃ ወደኛ የመጣው በወዳጅነቱ ዘመን ነው።

ታላቅ ወንድም ይህን ሲሰሙ እንዳይከፉ። በ1928 ዓ.ም. ተሠርቶ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ቤት የተገኘ የጣሊያን ጠመንጃ በአምስቱ ዘመን ከጠላት እጅ የተነጠቀ ሊሆን ይችላል። ጣሊያን ሲሸነፍ ሜዳ ላይ ከተጣለውም የተነሣ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ብረቱ አይናገርም። የሚናገረው አያታቸውን የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እነሱም ዛሬ ዘጠናን ያለፉ ናቸው። ቤተሰቡ ያለ ቀጠሮ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ከደላላው ይልቅ ወደ እሳቸው ይሂዱ፤ ስልካቸውን አብርተው ድምፃቸውን ይቅዱ። አያትየው በየትኛው አርበኛ ሥር ነበሩ? የት የት ተዋጉ? ጠመንጃው መቼ ወደ ቤት ገባ? ከዚያ በፊት የያዙት መሣሪያ ምን ነበር? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል።

ዋጋውን የሚያወጣውና የሚያወርደው

ታናሽ ወንድም ያዩት ዋጋ እውነት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ካርካኖውም ቬተርሊውም ውጅግራውም አለበት። ብዙዎቹ የዛጉ፣ እንጨታቸው የተሰነጠቀ ስለነበሩ የተሸጡት በጥቂት መቶ ዶላር ነው። ካርካኖ በተለይ እጅግ በብዛት የተሠራ ጠመንጃ ነውና ብርቅ አይደለም። የደላላው ሚሊዮን ብር ከየት እንደመጣ ደላላውን መጠየቅ ነው።

ሰብሳቢዎች ዋጋ ሲያወጡ የሚያዩት አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ያልተነካካ መሆኑን። ሰደፉን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት፣ ብረቱን ወልውሎ እንደ መስታወት ማብረቅ፣ በርሜሉን ቆርጦ ማሳጠር ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። የተፋቀ ማኅተም አይመለስም። እንዳይዝግ ቀለል ያለ ዘይት ከተቀባ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ መግጠማቸውን።

ሦስተኛ፣ ብርቅነቱን። በሚሊዮን ከተሠራው ካርካኖ ይልቅ የአንበሳ ማኅተም ያለው ማውዘር ይፈለጋል።

አራተኛ፣ አብሮት ያለውን ዕቃ። ሳንጃው፣ የቆዳ ማንገቻው፣ ዝናሩ፣ ባዶ ቀልሃው ሳይቀር ይቆጠራል። አያት በሰደፉ ላይ ያስመቱት የናስ ምስማር ወይም የብር ጌጥም እንዲሁ።

አምስተኛ፣ ማስረጃውን። አያት ጠመንጃውን ይዘው የተነሡት ፎቶ፣ የአርበኝነት ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት፣ የድሮ የመሣሪያ ፈቃድ ካለ የጠመንጃው ቁጥር በወረቀቱ ላይ መኖሩን አመሳክሩ።

የመጨረሻው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ከራሱ ከካርካኖ የበለጠ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በ1940 ተርኒ ውስጥ የተሠራ ካርካኖ ነበር። ገዳዩ በፖስታ ያስመጣው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ያ ጠመንጃ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት ይገኛል፤ በገንዘብ የሚተምነው የለም። ሌሎች ተራ ካርካኖዎች ደግሞ ዛሬም በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣሉ። ብረቱ አንድ ነው። የሚለያቸው በቁጥሩ የተረጋገጠ ታሪክ ነው።

የናንተም ጠመንጃ እንዲሁ ነው። «አያቴ ማርኮት ነው» የሚል ወሬ ዋጋ አይጨምርም፤ ቁጥሩ፣ ፎቶውና የሽማግሌው ቃል ተያይዘው ሲቀመጡ ግን ለሙዚየምም ለታሪክ ጸሐፊም ለልጅ ልጅም የሚጠቅም ነገር ይሆናል።

ሕጉን አትዝለሉ

እኅታችን ያሉትም ትክክል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው በሰው ስም ነው፤ አባት ሲያርፉ እንደ በሬ በውርስ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ስለዚህ ከወራሾቹ አንዱ የአባታቸውን የፈቃድ ወረቀትና የሞት ምስክር ወረቀት ይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ። ጠመንጃውን በመጀመሪያው ቀን አንግተው አይሂዱ፤ ጠይቀው በሚነገራቸው መንገድ ይውሰዱት። እስከዚያው ድረስ ጠመንጃው ከጥይቱ ተለይቶ፣ ሁለቱም ለየብቻ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። ምሰሶ ላይ መስቀሉ ይቅር፤ ቤቱ የሚገቡ ልጆች የድሮዎቹ አይደሉም፤ በፊልም ያዩትን ይሞክራሉ።

ለደላላ መሸጥ ከዋጋ ክርክር ያለፈ ጣጣ አለው። ቁጥሩ በአባታችሁ ስም የተመዘገበ ጠመንጃ ነገ ሰው ቢጠፋበት ፖሊስ የሚመጣው እናንተ ቤት ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩም አንድ ቃል። የአያትን ጠመንጃ በሻንጣ ወይም በዕቃ ጫኝ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ መውሰድ አይሞከርም። በመሣሪያ ሕጉም፣ ዕቃው ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ በቅርስ ሕጉም ያስጠይቃል። እዚያው ገበያ ላይ ያገኛችሁትን ግን መግዛት የምትፈልጉ ከሆነ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን እንደ ማንኛውም መሣሪያ እንደሚቆጥር ዕወቁ። የየግዛቱ ሕግ ደግሞ ይለያያል። በበርሜሉ ላይ የአስመጪው ስም በትንሹ ተመትቶ ታያላችሁ፤ ሕጉ ስለሚያስገድደው ነው፤ ከጥንቱ ማኅተም ጋር አታምታቱት።

ጠመንጃ እንዴት ይካፈላል?

እንግዲህ ከሦስቱ ማን ነው ልክ? እኅት በሕጉ፣ ታናሽ ወንድም በገበያው ልክ ናቸው። ታላቅ ወንድም ዘመኑን ቢስቱም ዕቃው ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገር እንዳለው ማወቃቸው ልክ ነው። በ300 ዶላር ለአራት ተካፍሎ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 75 ዶላር ነው። ለዚህ ሲባል ወንድምና እኅት አይኮራረፍም።

ጠመንጃ ለአራት አይሰነጠቅም፤ ከሱ ጋር ያለው ግን ይካፈላል። ፖሊስ ከፈቀደ፣ የፈቃዱን ግዴታ ሊሸከም የሚችለው አንዱ ልጅ በስሙ ይያዘው። ሜዳሊያው ለሌላው ይድረስ፤ ዝናሩና ማንገቻው ለሌላው። የሽማግሌው ድምፅና የማኅተሙ ፎቶ ግን ለአራቱም ተባዝቶ ይሰጥ፤ ሜሪላንድም ይድረስ። ካልተፈቀደ ወይም ማንም ኃላፊነቱን መውሰድ ካልፈለገ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ለሙዚየም ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ታሪኩ ተጽፎ አብሮት ከሄደ የሚቀበለው አካል የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስሙ የማይታወቅ የዛገ ብረት ሆኖ ከሄደ ግን ከሌሎቹ ጋር ይከመራል።

ለማንኛውም ቤተሰብ የሚሆን አንድ ገጽ እናስቀምጥላችሁ። በደብተር ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ የጠመንጃው ዓይነት፤ ስንት ጎራሽ እንደሆነ፤ በበርሜሉ ላይ ያለው ስም፣ ዓመትና ቁጥር፤ በማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር፤ በሰደፉ ላይ ያለ ጽሑፍ፤ መጀመሪያ የያዙት ሰው ስም ከነአባታቸው፤ ከማን፣ መቼ፣ የት እንዳገኙት፤ ይህን የነገሯችሁ ሰው ስምና የነገሯችሁ ቀን። ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ለዘመድ ሁሉ ላኩ። ይህን የምታደርጉት ጠመንጃው ገና ቤት ሳለ፣ የሚያውቁትም ገና በሕይወት ሳሉ ይሁን።

በሚቀጥለው ወር ከአያት ሣጥን ግርጌ ስለሚገኘው የማርያ ቴሬዛ ብር እንነጋገራለን። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎ ሳለ አንዱ ከሌላው መቶ ዓመት የሚያንሰው እንዴት ነው? እስከዚያው ጥያቄያችሁን ከነፎቶው ላኩልን። ደኅና ክረሙ።